ከመሃላችን ታዋቂ የሚባለው ማን ነው? የሐዋሳ ፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ሆነን በቴሌግራም ፎቶ የምንለዋወጥ ልጆች ሰሞኑን በአንድ ነገር ስንከራከር ከረምን፦ ከመሃላችን ታዋቂ የሚባለው ማን ነው? «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። የመጣው ይኸው።

ጥያቄ፦ ስንት ተከታይ ሲኖረኝ ነው ታዋቂ ሆንኩ የምለው?

ቁጥር አልነግርህም። ዋጋ ሊጠይቅ የገባ፣ ሽልማት አለ ሲባል የገባ፣ ገብቶ የረሳው ሁሉ ተከታይ ተብሎ ይቆጠራል። በጣም ጥቂት ሰው የሚከተላት ልጅ አለች። አዲስ ፎቶ ስትለቅ ግን ጎበዝ የምንላቸው ሁሉ የያዙትን ትተው ያያሉ። ለእኔ ታዋቂዋ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ታዲያ መለኪያህ ምንድን ነው?

ሌሎች ባንተ ምክንያት አሠራራቸውን ሲቀይሩ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዶ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ያላነሳ ከመሃላችን የለም። ሁላችንም ቆመን፣ ሐይቁን ከኋላው አድርገን ነበር የምናነሳው። አንዱ ልጅ እርጥቡ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ አነሳው። ወፉ ከታች ሲታይ ካባ የለበሰ ዳኛ ይመስላል። እግሩ ሥር የዓሣ አንጀት አለ፤ ከጀርባው የጀልባ ጫፍ ብቻ ይታያል። ላይኩ ያን ያህል አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን ግማሾቻችን ከአሞራ ገደል ሸሚዛችን ጭቃ ሆኖ መመለስ ጀመርን። ዛሬ ያ አነሳስ በልጁ ስም ይጠራል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ዝና አላውቅም።

ጥያቄ፦ ፎቶዬ በየቻናሉ ሲዞር አያለሁ፤ ስሜ ግን የለም። ይሄም ዝና ነው?

የፎቶሽ እንጂ ያንቺ አይደለም፣ እህቴ። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ሲደረግ፣ ላኪው ካልደበቀው በቀር የቻናልሽ ስም አብሮ ይሄዳል። እዚያ ያየው ሰውም ያንቺው እይታ ላይ ይደመራል። ፎቶውን ሴቭ አድርጎ እንደ አዲስ ሲለቀው ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ስምሽን ፎቶው ላይ ጻፊ። ትንሽ ይሁን፤ ግን ቆርጠው እንዳያወጡት ከጠርዙ ራቅ አድርጊው። ስምሽን ሳይጠቅስ የለቀቀ ካየሽ በውስጥ መስመር በትህትና ጠይቂው፤ ሰው ሲጠየቅ ያስተካክላል።

ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ፊቼ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ነው፤ ፎቶው ከሐዋሳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያነሳ ልጅ፣ ማታ ፎቶው ላይ የሌላ ሰው አርማ ተለጥፎ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ካሜራም የለኝ፤ አስተያየት ብቻ ነው የምጽፈው። እኔስ እዚህ ውስጥ እቆጠራለሁ?

ኧረ እርስዎማ ከማናችንም በላይ ይታወቃሉ! «ቆንጆ ነው» ብለው አያልፉም። «ብርሃኑ ከግራ ነው የመጣው፤ ልጅቷን ለምን ወደ ቀኝ አዞርካት?» ይላሉ። ልጆቹ ፎቶ ለቀው የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቁት። አስተያየት ሰጪ ሲታወቅ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ የሚያይ ዓይን ከሌለ ማን ይሻሻላል? እባክዎ አይጥፉብን።

ጥያቄ፦ እዚህ ሁሉም ያውቀኛል፤ ፒያሳ ስወጣ ግን ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።

ልክ ነው፣ የሚጠበቅም ነው። ሌላ አገርም እንዲሁ ነው። አንባቢዎች ራሳቸው ልብ ወለድ እየጻፉ የሚያስቀምጡበት «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» የሚባል ድረ ገጽ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎቹ በብዕር ስም ነው የሚጽፉት፤ እዚያ ስማቸው የገነነ ሆኖ ጎረቤት ግን ላያውቃቸው ይችላል። የኛ ዝና የሚሠራው ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው።

ጥያቄ፦ ተከታይ ብገዛስ?

ተው ወንድሜ። የተገዛ ተከታይ ፎቶ አያይም። ቁጥሩ ሲያብጥ እይታው ባለበት ይቆማል፤ ቻናልህን የከፈተ ሁሉ ወዲያው ይነቃብሃል። በዚያ ብር ሜሞሪ ካርድ ግዛበት።