ባንዲራው ይቆይ፣ ዕዳው የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት «አዲስ አገር ለመመሥረት ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን የሕግ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ የሞንቴቪዴዮ ስምምነት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም። እሱን እንለፈው። ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ ሌላ ቁጭት ነው።

ተማሪ ሳለን መምህራችን «በምናባችሁ አገር ገንጥላችሁ መሥርቱ» የሚል የቡድን ሥራ ሰጠን። እኛ ባንዲራው ላይ ሰማያዊ ይግባ አይግባ እያልን ስንጨቃጨቅ፣ አንድ ጓደኛችን ጥግ ይዞ ደብተሩን መሐል ለመሐል በመስመር ከፈለው። በግራ የድሮውን አገር ንብረት ደረደረ፦ የባቡር ፉርጎ፣ ኤምባሲ፣ የማዕከላዊ ባንክ ወርቅ። በቀኝ ዕዳውን። ከታች «ጡረተኛው ከማን ይቀበላል?» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። መምህሩ አይቶ ሳቀ። «ይሄ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው» ብሎ ዝቅተኛ ማርክ ሰጠው። የነፃነት አዋጃችን ግን ተጨበጨበለት፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ጓደኛዬ ትምህርቱን ትቶ ንግድ ገባ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለሙያው መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ሁለት አገር ሆነች። ጥይት አልተተኮሰም፣ ሕዝበ ውሳኔም አልተደረገም። የፌዴራሉ ንብረት በአብዛኛው በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ ተከፈለ። በጋራ ገንዘብ የቆዩት ግን ከወር ብዙም አላለፈም። ፌብሩዋሪ ላይ በድሮዎቹ ኖቶች ቴምብር እየለጠፉ የየራሳቸው አደረጓቸው። ቴምብር የተለጠፈበትን ኖት ፎቶ ሳይ ያ ደብተር ትዝ አለኝ።

ደቡብ ሱዳንን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 99 በመቶ የሚጠጋው መራጭ «እንለይ» አለ። ነዳጁ የሚወጣበት ቧንቧ ግን በሱዳን በኩል ነበር የሚያልፈው። የማስተላለፊያው ክፍያ ሳይቋጭ ተለያዩ። በ2012 መጀመሪያ ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ማምረቷን አቆመች፤ የመንግሥቱ ገቢ ከሞላ ጎደል ከዚያው ነበር።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ከእኛም ትብሳላችሁ። ኢንተርኔት ላይ በአንድ ሌሊት አገር ከፍታችሁ ፓስፖርት ትሸጣላችሁ። ራሷን አገር ብላ የምትጠራው ሲላንድም እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሰሜን ባሕር አሮጌ ምሽግ ላይ ባንዲራ ሰቅላለች፤ ዕውቅና የሰጣት አገር የለም። ያለ ዕውቅና ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። እንዲህ እልና ሶማሊላንድ ትመጣብኛለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶማሊያ መለየቷን አውጃ፣ ገንዘብ እያተመች፣ ምርጫ እያካሄደች ለአሥርት ዓመታት ያለ ዕውቅና ኖራለች። እዚህ ላይ ራሴን እቃረናለሁ፣ ምን ላድርግ።

«ፖለቲካው ይቅር፣ ኢኮኖሚው ብቻ ራሱን ይቻል» ለምትሉ፦ የቻይናዋ ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ1980 የራሱ የንግድ ደንብ ያለው ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ስትሆን ቤጂንግ ከጀርባዋ ነበረች። ሆንዱራስ በ2013 ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ዞኖችን በሕግ ፈቀደች። በ2022 ምክር ቤቱ ሕጉን ሻረው። በሮአታን ደሴት ፕሮስፔራ የተባለውን እንዲህ ያለ ዞን የገነቡት ባለሀብቶች ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ጠይቀው ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት ሄዱ።