ቢጫ ነው አረንጓዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቴ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ፤ ጋፒዎች ናቸው ያሉት። እህቴ ከአሜሪካ ኤፒአይ የሚባለውን በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ላከችልኝ። ማታ ከሥራ ስገባ አሞኒያውን (ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) እለካለሁ፤ ቀለሙ ግን 0 ይሁን 0.25 አይለይልኝም። ባለቤቴ ቢጫ ነው ይላል፣ እኔ አረንጓዴ እላለሁ። ዓሦቹ እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ በየሁለት ቀኑ ግማሹን ውሃ እየቀየርኩ ነው። ምን ይሻለኛል? (ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ያለው ማታ ማየትሽ ላይ ይመስለኛል። ፈሳሹ አሞኒያ ባይኖርም ቢጫ ነው። አሞኒያ ካለ ሰማያዊ ይፈጠርና ከቢጫው ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ 0ን ከ0.25 የሚለየው ያቺ ትንሽ ሰማያዊ ብቻ ናት። ቢጫ አምፖል እሷን ይደብቃታል፣ ቀዝቃዛ ነጭ መብራት ደግሞ ንጹሑን ቢጫ አረንጓዴ ሊያስመስለው ይችላል። ቀን መስኮት አጠገብ ቁሚ፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታበት ቦታ ግን አይሁን፤ ቲዩቡን ከመመርመሪያው ጋር የመጣው የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ነጭ ቦታ ላይ አስጠግተሽ ከፊት ለፊት እዪው።

ከዚያም በላይ የምመክርሽ፣ ካርዱን ብቻ አትመኚ። ሁለት ቲዩብ ውሰጂ፤ አንዱ ውስጥ የገንዳውን ውሃ፣ ሌላው ውስጥ የታሸገ የመጠጥ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር አድርጊና ሁለቱም ላይ ከሁለቱ ጠርሙሶች ስምንት ስምንት ጠብታ ጨምረሽ፣ ነቅንቀሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ጎን ለጎን ስታያቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ የገንዳሽ አሞኒያ 0 ነው ማለት ይቻላል፣ ከባለቤትሽም ጋር ክርክሩ ያበቃል። ስታንጠባጥቢ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ ዘቅዝቂው፤ አጋድለሽ ከያዝሽው የጠብታው መጠን ይለያያል። ስትነቀንቂም ቲዩቡን በክዳኑ እንጂ በጣትሽ አትድፈኚው፣ ላብ ውስጥ አሞኒያ አለ።

የገንዳው ቲዩብ በግልጽ ከአረንጓደስ የቧንቧውንም ውሃ ለብቻው ለኪው፣ ምናልባት ከዚያ ይሆናል የሚመጣው። ምግብ ቀንሺ፣ ሩቡን ውሃ ቀይሪ። ፒኤችም (የውሃውን አሲድነት መለኪያ) እዪ፤ 25 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ከሆነ ከተለካው አሞኒያ ዓሣን የሚመርዘው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ይደርሳል። ያው 0.25 አንዱ ቤት ቀላል ሆኖ ሌላው ቤት የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ቲዩቦች ከተመሳሰሉ ግን እባክሽ ያን የየሁለት ቀኑን ግማሽ ውሃ ተዪው፣ ዓሦቹም እረፍት ይፈልጋሉ። በሳምንት ሩቡ ይበቃል።

ናይትሬት (አሞኒያው ገንዳው ውስጥ ተለውጦ መጨረሻ የሚሆነውን) ስትለኪ ደግሞ የናይትሬቱን መመርመሪያ ሁለተኛ ጠርሙስ 30 ሰከንድ በኃይል ነቅንቂው። ታች የሚረጋ ነገር አለው፤ ካልተነቀነቀ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳይሻል። የለካሽበትን ውሃ ወደ ገንዳው አትመልሺው።