ከወንበሩ ሥር ያየሁት ገጣባ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት አባቴን ለሕክምና ታይላንድ ወስጄው ነበር። ሕክምናው በደህና አልቆ ልንመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን፣ ያረፍንበት ቤት ሰዎች ከባንኮክ ወጣ ብሎ ዝሆን ወደሚጋለብበት ቦታ ወሰዱን። ሁለታችንም ዝሆኗ ጀርባ ላይ በታሰረ ወንበር ተቀመጥን። አባቴ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

ስንወርድ ጠባቂው ገመዱን ሊያጠብቅ ምንጣፉን ገለጥ አደረገው። መዳፍ የሚያህል እርጥብ ቁስል አየሁ። በእጁ የያዘው ዱላ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ነበረው። አባቴ እጁን ዝሆኗ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆመ፤ መኪናው ሊሄድ ነው ብዬ ጠራሁት።

ፎቶግራፋችን ዛሬ በትልቅ ፍሬም ሳሎን ተሰቅሏል። ከመሐል ሜዳ ዘመድ በመጣ ቁጥር አባቴ ታሪኩን ይተርካል፤ እኔ ወደ ማዕድ ቤት እገባለሁ። አሁን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ የሚያገባው ወንድሜ ለጫጉላ ሽርሽር ታይላንድ ሄዶ ዝሆን ሊጋልብ ነው። ያየሁትን ስነግረው «አባባ ከመንዝ ደብረ ሲና ገብስ በበቅሎ እየጫነ አይደል ያሳደገን? ዝሆን በምን ይለያል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ወንድሜን ምን ልበለው? ፎቶግራፉንስ ላውርደው?

ስሜ ይቆይ

ውድ እኅቴ፣

የወንድምሽ ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ ከእርሱ ልጀምር።

በቅሎ ያለ ሰው እጅ አትኖርም። አህያና ፈረስ ሺህ ዓመታት ከሰው ጋር ሲኖሩ እየተመረጡ፣ ለእጅና ለጭነት የተመቹት እየተዋለዱ መጥተዋል። ዝሆን ግን እንዲህ አልተለወጠም። እስያ ውስጥ ሰው ዝሆንን ማሠራት ከጀመረ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም፣ በሰው ደጅ የተወለደው ግልገል ጫካ ከተወለደው በተፈጥሮ ጠባዩ አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደ አዲስ መሰበር አለበት። በታይላንድ ይህ አሠራር ፋጃን ይባላል። ግልገሉን ከእናቱ ነጥለው፣ መዞሪያ በሌለው የእንጨት በረት አስረው፣ በረሃብና በመንጠቆ እስኪታዘዝ ያቆዩታል። እናቱ 22 ወር ገደማ አርግዛ የወለደችው ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቷ መንጋ ባልተለየች ነበር። እናንተን የተሸከመችው ዝሆን ጸጥ ያለችው ገር ሆና አይደለም። መንጠቆው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

ጀርባዋን በተመለከተ ክርክር መኖሩን አልደብቅሽም። መጠነኛ ጭነት የዝሆንን አካሄድ እንደማይለውጥ የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን የአንድ ቀን ጭነት ሌላ፣ የዕድሜ ልክ ጭነት ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓይ ሊን የተባለች የ71 ዓመት ዝሆን ፎቶግራፍ ከታይላንድ ወጥቶ ነበር። 25 ዓመት ቱሪስት ተሸክማለች፤ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ሰው። የጀርባ አጥንቷ ወደ ውስጥ ሰምጧል። የዝሆን አከርካሪ ወደ ላይ የሾሉ አጥንቶች ስላሉት፣ ወንበሩ ቀን በቀን የሚያርፈው እነርሱ ላይ ነው።

ደግሞም የመንዝ ልጅ ነሽና ገጣባ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምርሽ አይገባም። ገጣባ ያለባት በቅሎ ኮርቻ ሲጫንባት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛም አገር ከነቁስሉ የሚጭን አለ፤ እርሱም ኃጢአት ነው። ለወንድምሽ «በቅሎ መጋለብ ክፉ ነው» አትበይው። «አባባ ቁስሏ ሳይሽር በቅሎውን ይጭን ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቂው።

በጠባቂው ላይ ግን ፍርድሽን አታክብጂ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. እስከ 1989 ዝሆኖቿን ግንድ ታስጎትት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ከደረሰው ታላቅ ጎርፍ በኋላ የተፈጥሮ ደን መቁረጥ ሲከለከል፣ ዝሆንም ባለ ዝሆንም ሥራ ፈቱ፤ ቱሪዝም ያነሣቸው ያኔ ነው። ዝሆን በቀን 150 ኪሎ ገደማ መኖ ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ቱሪስት ሲጠፋ ብዙ ባለ ዝሆኖች መኖ መግዣ አጥተው ዝሆኖቻቸውን እየነዱ ወደ ገጠር ተመልሰዋል። ወንድምሽ ታይላንድ አይሂድ አልልም። ይሂድ፣ ዝሆንም ይይ፤ ገንዘቡን ለማያስጋልብ ይክፈል። ከመክፈሉ በፊት አስጎብኚውን አጥብቆ ይጠይቅ፤ በር ላይ «መጠለያ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ግልቢያ፣ ትርኢት ወይም አብሮ መታጠብ ካለ፣ ያ ዝሆን የተሰበረ ነው። አብሮ መታጠብ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እዚያው አንዲት ቱሪስት ዝሆን ስታጥብ ተወግታ ሞታለች። ደህናው ቦታ ዝሆኖቹ ሲግጡና ጭቃ ሲለብሱ ከርቀት የሚታይበት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ እንደምናየው ማለት ነው፤ እዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ማየት ለማንም በቂ ነው፤ ጭላዳ ልጋልብ ያለ እንግዳም አልገጠመኝም።

ፎቶግራፉን አታውርጂው። አባትሽ ከሕመም ተነሥተው የሳቁበት ቀን ነው፤ ያ ሳቅ እውነት ነበር። ደግሞ እንደ ዋዛ የጻፍሽው አንድ ነገር ከደብዳቤሽ ሁሉ በለጠብኝ፦ እጃቸውን ዝሆኗ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆሙ። ዕድሜያቸውን የበቅሎ ጀርባ ሲዳብሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንቺን ያህል ሳያዩ የቀሩ አይመስለኝም፤ ምናልባት እርሳቸውም ያንቺን ደስታ ላለመንካት ዝም ብለው ይሆናል። እንግዳ በሌለበት ቀን፣ ቡናው ሲፈላ ወንድምሽንም ጥሪውና «አባባ፣ ያን ጊዜ እጅህን ስታሳርፍባት ምን አገኘህ?» ብለሽ አባትሽን ጠይቂያቸው። የሚሉትን እርሱም ይስማ።