መልስ፦ የጤና ክበብ ብቻውን ይበቃል ወይ?
እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው ትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ አለው ሌላ ምን እንጨምር ላልሽው፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ነው የማስተምረው፣ ክበብ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ልጁ ሰልፍ ላይ ስለ እጅ መታጠብ ግጥም ያነባል፣ ሽንት ቤት ሲገባ ግን ውሃ የለም! እኛ ጋ ለውጥ የመጣው ዳይሬክተሩም ጥበቃውም ምግብ የሚያበስሉት እናቶችም ወላጆችም አንድ ላይ ተቀምጠው ሮቶው መቼ እንደሚሞላ ሳሙናውን ማን እንደሚይዝ ከተነጋገሩ በኋላ ነው፣ አሁን ከምሳ በፊት መምህሩ ራሱ ከልጆቹ ጋ ተሰልፎ ይታጠባል። ሴቶቹ ልጆች በወር አበባ ምክንያት እንዳይቀሩ ሞዴስና መቀየሪያ ክፍል የግድ ነው፣ ይሄን ለነገ አትበሉት በናትሽ። ስፖርትም በሳምንት አንዴ አይበቃም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው የሚመክረው፣ ሜዳ ከሌላችሁ ጠዋት ሰልፍ ላይ በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ሰሌዳ የማይታያቸውን ልጆችም ለይታችሁ ጤና ጣቢያ ላኳቸው።