መሰረዙን ማን ነገረው?

በቅርቡ በአንድ ሥልጠና ላይ አንዲት ወጣት ነርስ «የአጥንት ኦፕራሲዮን በሽተኛን ክትትል ነርስ ትምራው ማለት የሐኪሙን ሥራ መንጠቅ አይሆንም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት የመለስኩላት መልስ ለራሴም አልጣመኝም፤ ስለዚህ እጽፍላችኋለሁ።

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት የአጥንት ክፍል አንድ የቀን ሠራተኛ ከሕንፃ ላይ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ተኛ። እግሩ በክብደት ይጎተት ነበር። የብረት ክብደት ስለማይበቃን አሸዋ የሞላ ከረጢት እናንጠለጥላለን፤ ከረጢቱን አንድ ሰው ከነካው በሽተኛው ጥርሱን ይነክሳል። ማታ «ነገ ኦፕራሲዮን አለህ» ይባላል፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀምስም። በማግስቱ ድንገተኛ በሽተኛ ይገባና ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህ ተደጋገመ። መሰረዙን የሚነግረው ግን አልነበረም። ሐኪሙ ነርሶቹ ነግረውታል ብሎ ያስባል፤ እኛ ደግሞ ሐኪሙ ሳያዝ አፋችንን አንከፍትም። የምሳው ጋሪ ካለፈ በኋላ፣ ተተኪ ደም የሰጠውና ሥራውን ጥሎ የሚያስታምመው ወንድሙ ይመጣና «ሲስተር፣ ዛሬስ ይብላ?» ይለኛል።

አንድ ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነበር። ፈርመው ወደ ወጌሻ ወስደውታል። ከወራት በኋላ በተመላላሽ ክፍል አየሁት፤ አጥንቱ አጥሮና ጠሞ ገጥሟል። ባልደረቦቼ ወጌሻውን ሲረግሙ ሰማሁ። ወጌሻው ግን ቢያንስ መቼ እንደሚያየው ነግሮታል!

ኋላ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የራጅ ማሽን የማይፈልገው የሳይን ብረት (የተሰበረውን አጥንት ከውስጥ ይዞ የሚያቆም ዘንግ) ወደ አገራችን ሲገባ፣ ለሳምንታት ተንጋልለው የሚቆዩ ሰዎች በክራንች ሲነሡ አይቼ ተደንቄያለሁ። ብረቱ ግን «ዛሬ ብላ» አይልም።

ስለ እጅ መታጠብና ስለ አልጋ ቁስል አልነግራችሁም። የዛሬ ልጆች ፎርም መሙላት ትወዳላችሁ፣ ከበሽተኛው ፊት ይልቅ ስልካችሁን ታያላችሁ። ደግሞም እኛ ያልደፈርነውን ትጠይቃላችሁ፤ በዚህስ ትበልጡናላችሁ።

ክትትሉን ነርስ ትመራለች ሲባል፣ በሽተኛው ከተኛበት ቀን እስከሚወጣ ድረስ ምን መቼ እንደሚደረግ ከቀዶ ሐኪሙና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ ተጽፎ፣ አንዲት ነርስ በኃላፊነት ትይዘዋለች ማለት ነው። ቀለል ያለ ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት በፊት ማቆም ለአብዛኛው በሽተኛ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ለሚገባ ሰው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ መጾም ምን ይሠራል? አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱን የምታረጋግጠው እርሷ ናት። ጀሶ የታሰረለት ሰው ማስታገሻ ተሰጥቶት እያለ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጊለት ከጮኸ፣ እብጠቱ ጡንቻውን እያፈነው ሊሆን ይችላልና የደም ሥሩ ምት እስኪጠፋ አትጠብቂ። ሐኪሙን ከእንቅልፉ ቀስቅሺው፤ ይቆጣ።

እንግዲህ መንጠቅ አይደለም፤ ተስማምቶ መከፋፈል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ጥቂት መንጠቅም አለበት፤ አንዳንድ ሐኪም በልመና አይለቅም። ቀን 6 ሰዓት ላይ በሽተኛሽ ካልተጠራ ኦፕራሲዮን ክፍል ደውዪ። ከተሰረዘ ራስሽ ንገሪው፣ ምሳውንም አስቀርቢለት። ለዚህ የማንንም ፊርማ አትጠብቂ።