ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ዓመት ማረፍ ያስፈራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሁለተኛ ደረጃ ዘንድሮ ጨረስኩ። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ነው፣ እኔ ግን ምን መማር እንደምፈልግ ጭራሽ አላውቅም። አንድ ዓመት ልረፍ ስል ቤተሰቦቼ «በዚያው ትቀሪያለሽ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ያለ ዕቅድ የተጀመረ ዓመት በእንቅልፍና በስልክ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አመልክቺና መግቢያሽን ወደ ቀጣዩ ዓመት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ግን በጽሑፍ ካልያዝሽው አትመኚው። ከዚያ ሥራ ግቢ። ፋርማሲ ልማር የምትል ልጅ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካርቶን እየፈታች፣ መደርደሪያ እያስተካከለች ጥቂት ወራት ብትቆይ፣ ቀኑን ሙሉ መቆሙንና የሚነጫነጭ ደንበኛ ማስተናገዱን ትችለው እንደሆነ ከማንም ምክር በላይ ይገባታል።

ደግሞስ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው መንገዱ ያለሽ ማነው? ጀርመን ውስጥ ብዙ ወጣቶች ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል በሚፈጅ ሥልጠና፣ ከፊሉን ሳምንት ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ ከፊሉን ሙያ ትምህርት ቤት እየተማሩ፣ እየተከፈላቸው ሙያ ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ዕድል ካገኘሽ አትናቂው። ለቤተሰቦችሽ ደግሞ የት እንደምትሠሪና መቼ ትምህርት እንደምትጀምሪ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው።