ከመፈረምሽ በፊት የምትጽፊው የማን እንደሚሆን ጠይቂ

ውድ እኅቴ፣

ከሲያትል የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኮሌጅ በዚህ ዓመት እንደምትጨርሺ፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘውና ዳይስ እየጣሉ ታሪኩን አብረው የሚፈጥሩበትን የጠረጴዛ ጨዋታ በመጻፍ መኖር እንደምትፈልጊ፣ ወላጆችሽ ግን ነርሲንግ እንድትማሪ እንደሚሹ ገልጸሻል። ዋናው ጥያቄሽ በአቅራቢያሽ ሬንተን ያለው የጨዋታ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እስኪቀጥርሽ መጠበቅ ይሻላል ወይስ የራስሽን ሥራ ማሳተም የሚል ነው።

ከሁሉ በፊት የምትጽፊው የማን እንደሚሆን ጠይቂ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በወጣትነቴ ለአንድ አሳታሚ በደመወዝ የጻፍኳቸው የተማሪዎች አጋዥ መጻሕፍት ዛሬም እየታተሙ ሲሸጡ፣ መብቱን ፈርሜ ስለሰጠሁ ምንም ድርሻ ስለሌለኝ ነው።

በዚህ ሙያ ፉክክሩ ራሱ ከፈቃድ ውል ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመውና ዛሬ ዊዛርድስ የሚያሳትመው የዚህ ዓይነት ጨዋታ፣ ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በ2000 ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ፣ ዊዛርድስ የደንቡን መሠረት ሌሎች አሳታሚዎች እንዲጠቀሙበት በክፍት ፈቃድ ለቀቀው። በ2008 አራተኛው እትም ጠበቅ ባለ ፈቃድ ሲመጣ፣ ቀድሞ የጨዋታውን መጽሔቶች በውል ያሳትም የነበረው ፓይዞ በአሮጌው ክፍት ደንብ ላይ ተመሥርቶ በ2009 ፓዝፋይንደር የተባለ የራሱን ጨዋታ አወጣና ብርቱ ተፎካካሪ ሆነ። በጃንዋሪ 2023 ከዊዛርድስ ሾልኮ የወጣ የአዲስ ፈቃድ ረቂቅ ውል ደግሞ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750,000 ዶላር የሚበልጥ አሳታሚዎች ከትርፉ ሳይሆን ከዚያ በላይ ካለው ገቢ እስከ 25 በመቶ እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ነበር፤ ተጫዋቾችና ጸሐፊዎች ተቆጥተው ሲነሡ ኩባንያው በዚያው ወር ረቂቁን ትቶ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት በሚያስችል፣ በማይሻር የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀ። ስለዚህ ዛሬ ምንጩን እየጠቀስሽ በዚያ ደንብ ላይ የራስሽን ታሪክ ጽፈሽ ብትሸጪ ድርሻ የሚጠይቅሽ የለም።

አዲሱ የዳይስ አጣጣሌ ይሰረቅብኛል ብለሽ ለሠጋሽው፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት የሚጠብቀው የጻፍሽበትን አገላለጽ እንጂ የጨዋታውን አሠራር አይደለም፤ ድካምሽ በዓለሙና በሰዎቹ ላይ ቢበዛ ይሻላል። ሥዕል አለመቻልሽ አያሳስብሽ፣ ሠዓሊ በውል ይሠራልሻል።

ወላጆችሽ ስለ ገንዘቡ እውነት አላቸው፤ በኮንትራት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በቃላት ብዛት ስለሚከፈላቸው በዚህ ብቻ የቤት ኪራይ መክፈል ከባድ ነው። ነገር ግን የማትወጂውን ሙያ እንደገና በብድር እንድትማሪ መጠየቃቸው ተገቢ አይደለም፤ ይህንንም ራስሽ ልትነግሪያቸው ይገባል።

መደበኛ ደመወዝ ያለው ሥራ ያዢና ማታ ማታ ሠላሳ ገጽ የማይሞላ አንድ ጀብዱ፣ ማለትም ተጫዋቾች የሚጫወቱት አንድ ታሪክ፣ ጽፈሽ በስምሽ አሳትሚ። ዊዛርድስ ማስታወቂያ ሲያወጣም አመልክቺ፤ ከተቀበሉሽ ግን በትርፍ ጊዜሽ ቤት የምትጽፊው የማን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ፣ ካልገባሽም ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን።